የአሥራ ሁለተኛው ዘፈን ጭራ

(ፒያሳ፣ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ ያለች የጋሽ ላቀው የድምፅ ስቱዲዮ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ የ«ዋርካ ማዶ» ባንድ መሪ አምሳሉ ያለቀውን አልበም ሊረከብ መጥቶ ከባለ ስቱዲዮው ፊት ቆሟል።)

አምሳሉ፦ አለቀ ብለኸኝ አልነበረም እንዴ ጋሽ ላቀው? ዱባይ የሚሄደው ሰውዬ በአሥር ሰዓት ኤርፖርት ይገባል። የሚባዛበትን ማስተር ዲስክ ስጠኝና ልሂድ።

ላቀው፦ ተቀመጥ።

አምሳሉ፦ ለመቀመጥ አልመጣሁም። ባለፈው ሳምንት የዘፈኖቹን ድምፅ ላመጣጥን አልክ፣ እሺ አልኩ። ማክሰኞ በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለውን ክፍተት ልለካ አልክ፣ እሺ አልኩ። ዛሬ ደግሞ ምን ሊገኝበት ነው?

ላቀው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዱባይ ከገባ በኋላ ማረም የለም። እዚህ አንድ ስህተት ብትቀር እዚያ ሁለት ሺህ ሆና ትባዛለች።

አምሳሉ፦ እኔ ደግሞ ቀኑ ነው የሚያስጨንቀኝ። ለሙሉሰው ሰማንያ ሲዲው ሱቅ መድረስ አለበት። ሰው ሐዘኑ ትኩስ እያለ ነው የሚገዛው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ሦስት ወር ቢቆይ ማን ድራመር ያስታውሳል?

ላቀው፦ እኔ አስታውሳለሁ።

አምሳሉ፦ አንተማ አሳድገኸዋል።

ላቀው፦ በል እስቲ የሽፋኑን ጽሑፍ አንብብልኝ። ማተሚያ ቤት ሳይገባ አንድ ጊዜ በጆሮዬ ልስማው።

አምሳሉ፦ ስንት ጊዜ ነው የሚነበበው? «ይህ አልበም በትንሣኤ ማግስት በደረሰ ድንገተኛ የመኪና አደጋ ላጣነው ወንድማችን፣ ለድራመር ሙሉሰው ደምሌ መታሰቢያ ይሁን። አሥራ ሁለተኛው ዘፈን ደሴ ላይ የተጫወተው የመጨረሻው ነው።» አለቀ። ምን ጎደለው?

ላቀው፦ «ላጣነው» ብለሃል።

አምሳሉ፦ ታዲያ ምን ልበል?

ላቀው፦ ምንም። ዝም ብዬ ነው። እሁድ ሐርቡ ትሄዳለህ?

አምሳሉ፦ እሁድ አልችልም። ሚስቴም ወሯ ገብቷል።

ላቀው፦ አባቱ ጋሽ ደምሌ ይሄዳሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከሐይቅ ድረስ በአውቶቡስ ተሳፍረው፣ ሽማግሌዎቹን ከፊት አስቀድመው፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው የሟቿ የእመት ዘሀራ ቤት ደጅ ይንበረከካሉ። «ልጄ ሚስትህን ገጭቶ ገድሏልና ማረኝ» ሊሉ ነው ለባልየው።

አምሳሉ፦ የአገሩ ወግ ነው። ነጂው ሲሞት አባት ይሸከማል። ምን ላድርግ?

ላቀው፦ ወጉንስ አውቀዋለሁ። ነጂውን ነው ያላወቅሁት።

አምሳሉ፦ ምን ማለት ነው?

ላቀው፦ ወደ ሥራችን እንመለስ። ችግሩ አሥራ ሁለተኛው ላይ ነው። ጭራው ረዘመብኝ።

አምሳሉ፦ ቁረጠዋ። ለዚህ ነው ያስቀመጥከኝ?

ላቀው፦ የት ጋ ልቁረጠው?

አምሳሉ፦ ጭብጨባው ሲያልቅ ነዋ። ቀስ እያልክ አደብዝዘውና ዝጋው። እኔ ነኝ አንተን የማስተምርህ?

ላቀው፦ ጭብጨባው የሚያልቀው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ቀረጻው ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ ይሄዳል።

አምሳሉ፦ የምን አንድ ሰዓት?

ላቀው፦ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ ሙሉሰውን እንዲያ ያስለመድኩት። «ዘፈን አለቀ ብለህ መቅረጫ እንዳትዘጋ፣ ጭብጨባው ራሱ ደክሞት ይሙት» ስለው ኖሬያለሁ። ደሴ ስትሄዱ ያቺን ትንሿን መቅረጫ ሰጠሁት፣ አዲስ ባትሪ አስገብቼ። የመጨረሻውን ዘፈን ሊጫወት ሲል ከፈታት፤ ጭብጨባው እስኪሞት ብሎ ጃኬቱ ደረት ኪስ ከተታት። ከዚያ ዕቃ ጭነት መጣ፣ ረሳት።

አምሳሉ፦ እኔ እኮ ዘፈኑ ብቻ ያለባት መስሎኝ ነው...

ላቀው፦ ያመጣሃት። አዎ። ፖሊሶቹ የሟችን ዕቃ ላንተ ሰጡህ፣ አንተ «የሙሉሰው የመጨረሻ ምት ናት፣ አልበሙ ላይ ትግባ፣ ታሸጣለች» ብለህ በገዛ እጅህ እዚች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥካት። ሦስት ሳምንት ሆናት።

አምሳሉ፦ ሰማኸው?

ላቀው፦ ሳልሰማ እንዴት አድርጌ እቆርጣለሁ?

አምሳሉ፦ እስከየት ድረስ ሰማህ?

ላቀው፦ እስከየት እንድሰማ ትፈልጋለህ?

አምሳሉ፦ አትቀልድብኝ ጋሽ ላቀው። ... እሺ። ከደሴ ስንነሳ እኔ ነበርኩ የምነዳው። ይሄን ፖሊስ አልጠየቀኝም፣ አልተናገርኩም። ሌሎቹ በሚኒባሱ ቀድመውናል፣ ፒክአፑ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ደከመኝ፣ ተቀያየርን። ከዚያ ወዲያ እሱ ነው።

ላቀው፦ ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ትራፊክ አስቁሞሃል። «መንጃ ፈቃድ» ይላል። አንተ «እንኳን አደረሰህ» ትለዋለህ፣ ይስቃል፣ ያሳልፍሃል። ከዚያ በኋላ ሙሉሰው ያንኮራፋል። እስከ ሐርቡ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ያንን ማንኮራፋት ደግሞ እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ እዚች ሶፋ ላይ ስንት ቀን ተኝቶብኛል። አምሳሉ፣ እያንኮራፋ የሚነዳ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ከደሴ ሳትነሱም «ዓይንህ ቀልቷል፣ ቁልፉን ስጠኝ» ብሎሃል። ሁለቴ። «አንተ ዱላህን ያዝ፣ መሪውን ለኔ ተው» አልከው።

አምሳሉ፦ ሌላ ማን ሰምቶታል?

ላቀው፦ በሩን ለምን ቆለፍከው?

አምሳሉ፦ ሰው እንዳይገባ።

ላቀው፦ ዓርብ ከሰዓት እዚህ ሰው አይመጣም።

አምሳሉ፦ አውቃለሁ።

ላቀው፦ እንግዲያው ተቀመጥ። ቆመህ ስታየኝ ጥሩ አይደለህም።

አምሳሉ፦ ጋሽ ላቀው፣ ስማኝ። እንቅልፍ ነው። ጠጥቼ አልነበረም፣ በልጄ ይሁንብኝ፣ ልትወለድ ባለችው። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ስገልጥ ሴትየዋ ከነነጠላዋ መብራቱ ውስጥ ናት። መሪውን ጠመዘዝኩ። ከዚያ ዋርካ ነው፣ በሱ በኩል ገባ። ይኼው ነው።

ላቀው፦ ይኼው አይደለም። ከግጭቱ በኋላ መቅረጫዋ ራሷ እስክትቆም አራት ደቂቃ አለ።

አምሳሉ፦ አታሰማኝ።

ላቀው፦ አላሰማህም። እኔው ሰምቼ ያየሁት ይበቃል። በር ይከፈታል። ጠጠር ላይ የአንድ ሰው እርምጃ አለ። መጀመሪያ ወደ ሴትየዋ ሄድክ፣ «እናቴ፣ እናቴ» ትላለህ። እዚያ ጋ ሰው ነበርክ፣ አልዋሽብህም። ከዚያ ዝም አልክ። ከዚያ ተመልሰህ መጣህ።

አምሳሉ፦ ሞቶ መስሎኝ ነበር።

ላቀው፦ መቅረጫዋ ደረቱ ላይ ናት እኮ። ካንተ ድምፅ ይልቅ የሱ ትንፋሽ ይጎላል።

አምሳሉ፦ አልሰማሁትም።

ላቀው፦ ወደ መሪው ስትጎትተው «ቀስ» አለህ።

አምሳሉ፦ አላለም።

ላቀው፦ «ቀስ አምሳሉ» አለ። የምታወጣው መስሎት።

አምሳሉ፦ አንተ እዚያ አልነበርክም። እዚህ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ በማዳመጫ ነው የሰማኸው። ሰዎቹ ከመንደሩ እየሮጡ ይወርዱ ነበር፣ ዱላ ይዘው ይሁን ባትሪ አይታየኝም። ሴትየዋ መሬት ላይ ናት። ደሙን አየሁ፣ አይተርፍም አልኩ። አይተርፍም ካልኩ በኋላ ደግሞ ... እጄ ነው የሠራው እንጂ እኔ አላሰብኩትም። ሐኪሙም በደረሰበት ጉዳት አይተርፍም ነበር ብሏል።

ላቀው፦ ሐኪሙ እንደተጎተተ አያውቅም።

አምሳሉ፦ የሞተ ተጎዳ። እኔ ዘብጥያ ብወርድ ሙሉሰው ይነሳል? ዘሀራ ትነሳለች? ባንዱ ይበተናል፣ ልጄ አባቷን በፍርግርግ ታያለች፣ ይኼው ነው ትርፉ።

ላቀው፦ የሞተ ተጎዳ የሚባለው ሞቶ ሲተዉት ነው። ሙሉሰውን አልተውከውም። ነፍሰ ገዳይ አድርገህ ነው የቀበርከው። ቀብሩ ላይ እናትየው እንኳ እንደ ወጉ አላለቀሰችም፣ አይተሃል። የሰው ሚስት ለገደለ ልጇ ጮኻ ማልቀስ አፈረች። የሚያልፍ ቀን የማያልፍ ስም ያወርሳል ይባላል፣ እኔ ግን ስሙን የሚያወርሰው ቀኑ ይመስለኝ ነበር እንጂ ጓደኛ አይመስለኝም ነበር።

አምሳሉ፦ እሺ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው? አልበሙ ላይ ድርሻ? ስምህ ከፊት ይጻፍ?

ላቀው፦ እሁድ ሐርቡ ድረስ። የነዳሁት እኔ ነኝ በል። ይሄን ብቻ። አብሬህ እሄዳለሁ፣ አጠገብህ እቆማለሁ፣ ከዚያም ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።

አምሳሉ፦ አብረህ ትታሰራለህ?

ላቀው፦ ስንቅህን አመላልሳለሁ።

አምሳሉ፦ ጨዋታ አዋቂ ነህ። እስቲ ልጠይቅህ፣ ሦስት ሳምንት ሰምተህ ለምን ዝም አልክ? አንተም እኮ ከኔ አትሻልም።

ላቀው፦ አልሻልም። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። አንተንም ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመትህ ነበር ጊታር ተበድረህ ስትመጣ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንደኛውን ለሁለተኛው ስል ስቀብረው ከረምኩ። አሁን ሰለቸኝ።

አምሳሉ፦ ሰለቸኝ አትበል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ላቀው፦ ብናገርስ?

አምሳሉ፦ ይሄ ፎቅ የእንጨት ነው ጋሽ ላቀው። ደረጃው እንጨት፣ ግድግዳው ካርቶን፣ ሽቦዎችህ ደግሞ ከጃንሆይ ዘመን የቀሩ ናቸው። አንድ ቀን እሳት ቢነሳ ማን ምን ይላል? «ምስኪን፣ እዚያው ሥራው ላይ» ይባላል።

ላቀው፦ ልታስፈራራኝ ነው?

አምሳሉ፦ ኧረ በጭራሽ። ስለምትሠራበት ቤት አስቤ ነው።

ላቀው፦ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉ። እንዲህ ያለ አፍ ከየት አመጣህ? እኔ እዚህ ቤት አላስተማርኩህም።

አምሳሉ፦ መቅረጫዋ የት አለች?

ላቀው፦ መሳቢያው ውስጥ።

አምሳሉ፦ አውጣት። ... የተቀረጸባት ዲስኳ ይቺ ናት? ሌላ የለም?

ላቀው፦ እሷው ናት።

አምሳሉ፦ አሁን ኮምፒዩተሩን ክፈት። ያንን አንድ ሰዓት ከምናምን ያልከውን እያየሁህ አጥፋው።

ላቀው፦ ራስህ አጥፋው። ያውልህ። የቀኝ አዝራሩን ንካ፣ ከዚያ እሺ በለው። እኔ በእጄ አላጠፋውም።

አምሳሉ፦ ... ጠፋ?

ላቀው፦ ጠፋ። ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ እንዳለ ውሃ ነው፣ መውጫውን ካገኘ አይመለስም።

አምሳሉ፦ ቤትህስ ሌላ ኮፒ የለህም?

ላቀው፦ የለኝም።

አምሳሉ፦ ማልልኝ።

ላቀው፦ ሙሉሰው ይሙት የለኝም።

አምሳሉ፦ በሞተ ሰው አይማልም።

ላቀው፦ አንተ ጣቢያ ቆመህ «እሱ ነው የነዳው» ስትል በማን ነበር የማልከው?

አምሳሉ፦ በቃ። አሁን በእጅህ የቀረው ወሬ ነው። እኔም ወሬ አልፈራም፣ ዘፋኝ መሃል ነው ያደግሁት። ላቀው ሸመገለ፣ ልጁ ሞቶበት ጆሮው ውስጥ ድምፅ ይሰማዋል እላለሁ። ያምኑኛል፣ እኔ እኮ ከሬሳው ጋር የተገኘሁ ሰው ነኝ።

ላቀው፦ እውነት ነው፣ ያምኑሃል። ይኼ ፊትህ ያሳምናል።

አምሳሉ፦ ማስተሩን ስጠኝ።

ላቀው፦ እንካ። አሥራ ሁለቱም ገብተዋል፣ አሥራ ሁለተኛው ጭብጨባው ላይ ያልቃል። ጠርዝ ጠርዙን ያዘው፣ ጣትህን ሆዱ ላይ አታሳርፍ። ላዩ ላይ በእስክርቢቶ እንዳትጽፍበት። የሚያባዙት ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያዋን ኮፒ ሳይሰሙ ሁለት ሺውን እንዳያትሙ ንገራቸው።

አምሳሉ፦ አሁንም ስለ ዲስኩ ነው የምትመክረኝ?

ላቀው፦ ልማድ ነው።

አምሳሉ፦ አትቀየመኝ ጋሽ ላቀው። እኔም እንቅልፍ የለኝም፣ እውነቴን ነው። ሌሊት ሌሊት «ቀስ» የሚለኝ ሰው አለ። ግን ሰው ይለምዳል፣ አንተም ትለምዳለህ። ሲዲው ሲወጣ ትንሽ ድግስ እናደርጋለን፣ ለሙሉሰው ሻማ እናበራለን፣ ያልፋል። እሁድ ሐርቡ ከሄድክ ለጋሽ ደምሌ ሰላም በልልኝ። ሥራ ይዞት ነው በላቸው።

ላቀው፦ አልላቸውም።

አምሳሉ፦ ለምን?

ላቀው፦ ሥራ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

አምሳሉ፦ ማን ነገራቸው?

ላቀው፦ ማንም አልነገራቸውም። ባለፈው ቅዳሜ መቅረጫዋን ይዤ ሐይቅ ሄድኩ። ልነግራቸው አፌ እምቢ አለኝ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጃቸው ሲመታ እግራቸው ይነቃነቅ ነበር፣ ደስ አላቸው። ሲያንኮራፋ ፈገግ አሉ። ከዚያ ...

አምሳሉ፦ ከዚያስ?

ላቀው፦ ከዚያ እስኪያልቅ አላወለቁትም።

አምሳሉ፦ ዋሽተህ ነው። ቢያውቁ ኖሮ እሁድ ድንጋይ ባልተሸከሙ። ያወቀ አባት ይሸከማል?

ላቀው፦ እኔም የጠየቅኋቸው እሱን ነው። «ሽማግሌዎቹን ዛሬውኑ ሄደን እንንገራቸው» አልኳቸው። እምቢ አሉ። «አምሳሉ ቤቴ ገብቶ እጁን ታጥቦ በልቷል፣ አባባ ብሎኛል፣ ራሱ ይምጣ» አሉ።

አምሳሉ፦ ፖሊስስ?

ላቀው፦ የፖሊስ ስም አላነሱም።

አምሳሉ፦ ታዲያ አንተ ይኼን ሁሉ ሰዓት ይዘኸኝ ለምን አልነገርከኝም? ለምን አጥፋው አልከኝ?

ላቀው፦ «ለምነው» ብለውኛል፣ ስለምንህ ቆየሁ። «ሳይፈራ ከመጣ ነው የሚያድነው፤ አውቀውብሃል ብለህ ቀድመህ እንዳታስፈራራው» ብለውኝ ነበር። አልሆነም እንጂ።

አምሳሉ፦ ጋሽ ላቀው። በትክክል ምን አሉ? ቃላቸውን ንገረኝ።

ላቀው፦ «እሁድ መጥቶ ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ ካነሳልኝ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። እስከ እሁድ ለሙሉሰው ወንድሞች ትንፍሽ አልልም። ካልመጣ ግን እነግራቸዋለሁ፤ ከነገርኳቸው በኋላ ሦስቱንም የምይዝበት ጉልበት የለኝም።»